በሳውናው ደጃፍ የፈሰሰው ግሊሰሪን

ማዕድን ማውጫው በኅዳር ተዘጋ። በታኅሣሥ ሐይቁ ጋሪ እስኪሸከም ጠጠረ። በጥር የጉድጓድ ውኃ በረዶ ስለ ሆነ ሰው በረዶ እያቀለጠ ጠጣ። የካሌ ሳቮላ ላም ቆማ ሞተች። አየሩ ደርቆ የሰውን እጅ ሰነጣጠቀው፤ አንጓ ላይ ደም የማይታይበት ሰው አልነበረም።

በዚያ ክረምት በሰሜን ሚኒሶታ፣ በሃውኪ ሐይቅ ዳር፣ ሥራ ያልተቋረጠባት ኤልማ ራውቲዮ ብቻ ነበረች። ግሊሰሪንና የጽጌረዳ ውኃ እየደባለቀች የእጅ ቅባት ትሠራለች። የእሷ ቅባት የሌለበት ቤት አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ሞታ ተገኘች።

መርማሪው ታውኖ ኒስካላ ሲደርስ ሬሳው ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ የልብስ ማውለቂያ ክፍል አልተነሣም ነበር። ኤልማ በፎጣ ተጠቅልላ በጀርባዋ ተዘርግታለች፤ ማጅራቷ የምድጃው ድንጋይ ጠርዝ ላይ አርፏል። የግሊሰሪን ቆርቆሮ በጎኑ ወድቆ ወለሉን አጥለቅልቆታል። እግሮቿ እስከ ጉልበቷ ያብረቀርቃሉ።

ሬሳውን ያገኘችው ሠራተኛዋ ቬንድላ ናት። ቅባቱ የሚደባለቅበት የሥራ ቤት ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው፤ ቆርቆሮውም በእሷ እጅ የሚጠበቅ ነው። ዓርብ ዕለት፣ አግብቼ ልሄድ ነው ብላ ከኤልማ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። መንደሩ ፈርዶ ጨርሷል፦ ወለሉ ላይ ሆን ብላ አፍስሳባት ነው። ፖሊሱም እስከ ማታ ሌላ ነገር ካልተገኘ ወደ ወህኒ እንደሚወስዳት ለኒስካላ ነገረው።

ኒስካላ መጀመሪያ እሷን ጠየቀ።

«ቆርቆሮውን ማን እዚህ አመጣው?»

«እኔ እንጃ። ያልተበረዘው ግሊሰሪን ከሥራ ቤት ወጥቶ አያውቅም።»

«ቁልፉ ያንቺ ነው።»

«እሷም አላት። ቤቱ የእሷ አይደል እንዴ?»

ካሌ ሳቮላ ጎረቤት ነው፤ ሽማግሌ እንጨት ቆራጭ። ስለ ሐይቁ ዳር ድንበር ከኤልማ ጋር ሲጣላ አርጅቷል። ኒስካላ ይህን ሲያነሣበት አልካደም። ከእሷ ጋር መጣላት የጤናው ምግብ እንደ ነበረ፣ አሁን ከማን ጋር እንደሚጣላ እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሦስተኛው የኤልማ የወንድሟ ልጅ ሬይኖ ነው። ዱሉት ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ለአንድ የመዋቢያ ነጋዴ የሚሠራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቃት የመጣ። ቅዳሜ ማታ ሳውናውን አንድዶላት እንደ ተኛ ተናገረ።

«አክስቴ ከታጠበች በኋላ ትቀባለች፤ ሁሉም ያውቃል። አንሸራተታት፣ በቃ። ቬንድላ ክፉ አይደለችም። ዝርክርክ ናት እንጂ።»

ኒስካላ ወደ ሬሳው ተመልሶ ተንበረከከ። ከእግሯ ላይ ቅባቱን በጣቱ ጠረገው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጭ፣ ደረቅ፣ እንደ ዓመድ የሚረግፍ ነበር። የጠጉሯ ጉንጉን አልተፈታም። በሳውና ገላ የሚመታበት የበርች ቅጠል ሽታም የላትም።

ከዚያ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ። ወለሉ ታጥቧል፤ ውኃው በየጣውላው መሐል በረዶ ሠርቷል። በመቀላቀያው ጠረጴዛ ሥር ግን ግሊሰሪን ፈስሶበት በረዶ ያልያዘ፣ ሰጋቱራ የተጣበቀበት ስፍራ አገኘ። ስንጥቁን በቢላ ፋቀው። ቀይ ነበር።

ማታ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰባቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። ኒስካላ ያልተበረዘ ግሊሰሪን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከጎኑ የውኃ ባልዲ ነበር።

«የሁላችሁም እጅ ተሰነጣጥቋል» አለ። «ወሬ ከመጀመራችን በፊት ተቀቡ።»

ቬንድላ እጇን ባልዲው ውስጥ ነከረች፤ ከዚያ ጠብታ ወሰደች። ካሌ መዳፉ ላይ ምራቁን እንትፍ አለ።

«ጋሽ ካሌ፣ ባልዲው እኮ አጠገብዎ ነው» አለችው ቬንድላ።

«ምራቄ ምን አነሰው?»

ሬይኖ ደረቅ እጁን ቀባ። ቀና ሲል ሁሉም እጁን እያዩ ነበር።

«ግሊሰሪን ውኃ ፈላጊ ነው» አለ ኒስካላ። «ውኃ ከሰጡት ቆዳ ላይ ይዞ ያቆየዋል። ካጣ፣ በእንዲህ ያለ ደረቅ ብርድ ከቆዳው ከራሱ ይጠጣል። በዚህ ሐይቅ ዳር ይህን የማያውቅ የለም። ከሳውና የወጣ ሰው ውኃው ሳይደርቅ ነው የሚቀባው። የኤልማ እግር ግን ደረቅ ነበር፤ ጠጉሯም። እንፋሎት አልነካትም። የሞተችው እዚህ ነው፤ ደሟ ከጣውላው ሥር አለ። ወደ ሳውናው ሞታ ነው የገባችው። የቀባት ሰው ደግሞ አቀባቡን አያውቅም። ቬንድላ ታውቃለች። ካሌም ያውቃል።»

ሬይኖ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ባለማወቄ ልትሰቅሉኝ ነው?»

«አይደለም። በኮትህ ነው።»

ፖሊሱ ኮቱን ከማንጠልጠያው አወረደ። ግሊሰሪን ቶሎ አይደርቅም። የእጅጌው ጫፍ ገና ይጣበቃል፤ ሰጋቱራ ይዟል፤ ከሰጋቱራው ጋር አንድ ሽበት ጠጉር።

ሬይኖ ተቀመጠ።

«የቅባቱን አሠራር ሽጪልኝ ነው ያልኳት። ሳቀችብኝ። አንዴ ነው የገፋኋት።»

«እና ይህችን ልጅ ልታስጠይቅ?» አለ ኒስካላ።

«የሆነ ሰው መጠየቁ አይቀርም ነበር» አለ ሬይኖ፤ ዐይኑን አላነሣም። ፖሊሱ እሱን ይዞ ሲወጣ ቬንድላ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ግሊሰሪን ወደ ቦታው መለሰች።

በዚያ አገር በክረምት የሞተ ሰው መሬቱ እስኪለሰልስ መጋዘን ውስጥ ይከርማል። ካሌ ኤልማ አትከርምም አለ። መቃብር ቦታው ላይ እንጨት ከምሮ አነደደ፤ ቬንድላም ከወህኒ ተርፋ እሳቱን አብራው ጠበቀች። ሳትጠይቀው ነገራት። ሚስቱ በጥር በሞተችበት ዓመት መንደሩ መጋዘን ትክረም ሲል እሳት አንድዳ፣ አብራው የቆፈረችው ኤልማ ነበረች። ካሌ ምስጋና ከአፉ አልወጣ ብሎት የድንበር ጠብ አነሣ፤ ከዚያ መመለሻው ጠፋው።

መሬቱ ሲለሰልስ ቆፈሩ። ካሌ እስከ ደረቱ ሲሰምጥ አካፋውን ለቬንድላ አቀበላትና የመቃብሩን ወለል በመዳፉ ለጥ አደረገው።

«አሁን እኩል ሆንን» አለ። የተናገረው ለቬንድላ አልነበረም።