የጎሪላዎቹ ጫካና የእማማ ምርቃት

«ምን አድርጌሽ ነው የምትሸሺኝ?»

እማማ ተናኘ ይህን ሲጠይቁ በአንድ እጃቸው የሳል ሽሮፕ፣ በሌላው የጸዮንን የታጠበ ካልሲ ይዘው ሳሎኑ መሐል ቆመዋል። ጸዮን ከአያቷ ዓይን ይልቅ ካልሲውን እያየች መለሰች።

«አልሸሸሁም እኮ እማማ። ከሀጂራ ጋር ፕሮጀክት አለን አልኩዎት።»

«ፕሮጀክቱ ማታ ማታ ቤትሽ አያስገባም? በሰው ቤት የሚታደርበት ትምህርት ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

ከዚያ ሳሉ መጣባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አድርገው ጎንበስ አሉ። ጸዮን ሳታስበው ወደ ኋላ ስትሸሽ ጀርባዋ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጋር ተላተመ። እማማ ቀና ሲሉ ያንን አዩ። ካልሲውንም ሽሮፑንም ሶፋው ላይ አስቀመጧቸው።

ፕሮጀክት የሚባል ነገር አልነበረም። ጓደኛዋ ሀጂራ ክሬሰንት ታውን በሚባለው የስደት ሰፈራቸው፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከታች ነው የምትኖረው። ጸዮን እሷ ዘንድ ማደር የጀመረችው እማማ ማሳል የጀመሩ ዕለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእማማ የመጨረሻ ልጅ፣ የጸዮን አክስት ብርቅዬ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ጎሪላዎች የሚኖሩበት ጫካ አጠገብ ባለ ሎጅ ትሠራለች። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ጎሪላዎቹ ዘንድ ስለማይገባ ጸዮን ዕድሜዋ እስኪደርስ ስትጠብቅ ኖራለች። አሁን ሞላላት። የመጋቢቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲጀምር፣ ቅዳሜ ትበራለች። ብርቅዬ በስካይፕ የእንጨት ጎጆዎቹን፣ ሰፊውን በረንዳ፣ ከጫካው ላይ ቀስ እያለ የሚነሣውን የጠዋት ጉም አሳይታታለች። ታዲያ ባለፈው ሳምንት እየሳቀች እንዲህ አለቻት፦

«አደራ ጉንፋን ይዘሽ እንዳትመጪ! እኛን የሚያስነጥሰን እነሱን ሊገድላቸው ይችላል። ያሳለው እንግዳ ጫካ አይገባም፣ በረንዳው ላይ ይቀራል። አንድ ሽማግሌ ከስንት አገር አቋርጠው መጥተው፣ እዚያ ተቀምጠው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ ዋሉ።»

በማግስቱ እማማ አሳላቸው።

ሳሉ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይበቃ ነበር። የሚያስጨንቀው ምርቃቱ ነው። ከዚህ ቤት ማንም ቢሆን፣ ለፈተናም ይሁን ለመንገድ፣ ሳይመረቅ አይወጣም። እማማ ጭንቅላትን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፤ ግንባር ይስማሉ፤ ከዚያ «እንትፍ! እንትፍ!» ፊት ላይ ነው፣ ጠብታው እስኪሰማ ድረስ። ማቃለል አያውቁም።

«ሲሪየስሊ፣ ዝም ብለሽ ውጪ» ብላት ነበር ሀጂራ። «ኤርፖርት ስትደርሺ ኮል አድርጊላቸው። በስልክ እንትፍ አይመጣ!»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጸዮን ግን ሳቋ ቶሎ አለቀባት። ሳትመረቅ ወጥታ አውሮፕላኑ አንድ ነገር ቢሆንስ? ደግሞስ እሷ በሌለችበት እማማ ሳሉ ቢጠናባቸውስ?

«እማዬ፣ ተያት በቃ። ልጅ ናት» አለ አባቷ ዘርይሁን። ከከተማው ማዶ፣ ከኢቶቢኮ የመጋዘን ሥራው ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ምሳና እራቱን አንድ ላይ እየበላ ነበር።

«ልጅ ስለሆነችማ ነው! ያ ሎጅ የምትሉት ቤት በሩ በቁልፍ ነው በዚፕ የሚዘጋው? አውሬው ኮቴው አይሰማ ይሆናል። ብርቅዬ እዚያ ከገባች ጀምሮ እንቅልፍ የለኝ፤ ይኸው አሁን ሁለት ሊሆኑልኝ ነው።» ወደ ጸዮን ዞረው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ እስቲ፣ አሁኑኑ ልመርቅሽ። ቅዳሜ ጥድፊያ ነው።»

የእማማ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«አይሆንም እማማ።»

አባቷ ማኘኩን አቆመ።

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፕሮጀክት አለመኖሩን፣ ጎሪላዎቹን፣ ጉንፋኑን። እየተናገረች ቃላቱ ከአፏ ሲወጡ እንዴት እንደሚከፉ ለራሷ ተሰማት።

«ምርቃቴ አውሬ ይገድላል?» አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«ምርቃቱ አይደለም፣ ሳሉ ነው።»

«አባትሽ በሱዳን በረሃ ሲሰደድ ስሸኘው በዚሁ አፌ ነው የመረቅሁት። ደረሰ አልደረሰም?»

«ደርሻለሁ እማዬ» አለ ዘርይሁን፣ ሳህኑን እያየ።

ማሞቂያው ብቻ ጠቅ ጠቅ ይላል። እማማ ሽሮፑን አንሥተው ክዳኑን ሲከፍቱና ሲዘጉ ቆዩና፦

«ግልገል አላቸው?» አሉ።

«እነማን?»

«እነዚያ ጎሪላዎች።»

«አላቸው። እናታቸው አዝላቸው ነው የምትሄደው።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሲወጡ ወፍራሙን ካፖርታቸውን ለብሰዋል። የያዙት ትንሽ ቦርሳ ዚፕ አልዘጋ ብሎ የሌሊት ልብሳቸው እጅጌ ወጥቶ ይታያል።

«የት ነው እማዬ? በዚህ ብርድ?» ዘርይሁን ብድግ አለ።

«ማዶው ሕንፃ፣ ወዳጄ ሙሉእመቤት ዘንድ። ልጅቷ በገዛ አልጋዋ ትተኛ እንጂ፤ እኔ በሕይወት እያለሁ ሰው ቤት ታድራለች?»

ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናነቡ። በጸዮን በኩል ሲያልፉ እንዳይነኳት ግድግዳውን ታከው፣ ቦርሳቸውን በወዲያኛው እጃቸው ይዘው አለፉ። ዞር ብለው አላዩአትም። በሩ ተዘጋ።

ጸዮን የተመኘችው ይኸው ሆነላት። ሳል የለም፤ ምርቃትም የለም። አልጋዋም አለ። ቅዳሜ ከዚህ ቤት ንጹሕ ሆና ትወጣለች፤ ከቀናትም በኋላ ጎሪላዋን፣ ጀርባዋ ላይ ካለው ግልገል ጋር፣ በዓይኗ ታያለች። ግድግዳው ግን እማማ ታከውት ያለፉበት ቦታ ላይ አሁንም አንድ ሰው የቆመበት መሰላት።

ዓይኗን ወደ ማሞቂያው መለሰች። የእማማ ጓንት ለመድረቅ እንደተሰጣ ቀርቷል። የሹራብ ነው፣ የቀኙ አውራ ጣት በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል።

ስልኳን አውጥታ ለብርቅዬ ጻፈች፤ አጥፍታ እንደገና ጻፈች። «አክስቴ፣ እዚያ ስደርስ ካሳለኝ አልደብቅሽም። በረንዳው ላይ እቀራለሁ።» ጣቷ ትንሽ ቆየና ላከችው። ጉሙም፣ ጫካውም፣ ግልገሉም በአንድ ጊዜ የራቋት መሰላት።

«ጸዮን?» አለ አባቷ። «ምን ልታደርጊ ነው?»

ኮሪደሩ ውስጥ ሊፍቱ ገና አልመጣም፤ የዚህ ሕንፃ ሊፍት መቼም ቶሎ መጥቶ አያውቅም። የእማማ ሳል ከበሩ ማዶ ይሰማል።

ጸዮን ጓንቱን ከማሞቂያው ላይ አነሣች፣ ለብ ብሏል። ጫማዋን በትክክል እንኳ ሳታጠልቅ በሩን ከፍታ ወጣች።