የጉሌድ ግራ ዓይን

ኡባህን ያወቅኋት በ1948 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ኳሳችን አጥር ዘሎ ልብስ የምታጥብበት ሳፋ ውስጥ ሲወድቅ ነው። ላወጣ ገባሁ። ቀሚሷ ርሷል፤ የሳሙና አረፋ ቅንድቧ ላይ ተቀምጧል።

«ዋርያ! ማን ነው የመታው?»

«ከዚህ አልተመታም» አልኳት። «ከዋሂል ገጠር ነው። ነፋስ አግዞት መጣ። መንገድ ላይ ሁለት ግመል ጥሏል።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ቀደማት። ኳሱን እንዳቀፈች አየችኝ። እኔም አየኋት። ያን ጊዜ የድሬ ፀሐይ ራሷ ቆማ ጠበቀችን ብል ማንም አያምነኝም፤ ግን ቆማለች።

ከዚያ በኋላ ስንት ኳስ ያንን አጥር ዘለለ! እኔ ደግሞ በረኛ ነኝ። ኳስ ሊይዝ የቆመ ሰው ኳስ ወደ ሰው ግቢ ሲወረውር ጓደኞቼ ግራ ገባቸው።

ሰባት ወር እንዲህ ሄድን። አንድ ቀን ከሰዓት አጥሩ ሥር ጠበቀችኝ። አባቷ አቶ ሽሬ የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ናቸው።

«አባቴ ወደ ጅቡቲ ተዛወረ» አለች። «ማክሰኞ እንሄዳለን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። እዚያ አባቴ የሚያውቀው ነጋዴ አለ። ረመዳን ሳይገባ ሽማግሌ ይልካል አሉ።»

እኔ የባቡር መጠገኛው ግራሶ ቀቢ ነኝ፤ መንኮራኩር እንዳይጮህ ቅባት የምቀባ። ጅቡቲ ለመግባት የፈረንሳዮቹ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለእኔ ብጤ ማን ይሰጣል? አንድ በር ብቻ ቀርቶ ነበር። እሁድ የኛ የመጠገኛው ቡድን ከጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ጋር ይጫወታል። ያሸነፈው በሳምንቱ ወረቀቱ ተሟልቶለት በባቡር ጅቡቲ ሄዶ ይጋጠማል።

«አጎትህ እዚያ አይደል የሚኖረው?» አለች ኡባህ። «ይዘኸው ና። ከነጋዴው በፊት በራችንን ካንኳኳችሁ አባቴ ይሰማችኋል። እኔም ቃሌን እሰጣለሁ። ብቻ አሸንፉ።»

ፋብሪካዎቹ ሦስት ጊዜ ደጋግመው አሸንፈውናል። እሁድ ጨዋታው ሳይጀመር ልጆቻችን ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው መሬት መሬት ያያሉ። ይሄን ሳይ ዋሸሁ።

«አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። በረኛቸው ጉሌድ በግራ ዓይኑ አያይም። ከማሽን የተፈናጠረ ብረት መትቶት ነው። የሐኪሙ ዘበኛ ነገረኝ።»

ካፒቴናችን ፋራህ፣ ሥራ ላይም አለቃዬ ነው፣ ጠጋ አለ። «እርግጠኛ ነህ?»

«ውሸት ከሆነ ጢሜን ላጩኝ!» አልኩት። ጢም የለኝም፤ ይህንንም ማንም ልብ አላለም።

አቦ፣ የሰው እግር በአንድ ቀን እንዲህ ይለወጣል? ዓመቱን ሙሉ ሰማይ ሲመታ የከረመው አለምብርሃን ወደ ጉሌድ ግራ ላከና አገባ። ሁለተኛውንም እሱ አገባ። ፋራህ ሦስት ሰው እንደ ስልክ እንጨት አቁሞ አልፎ ሦስተኛውን ጨመረ። ፋብሪካዎቹ እርስ በርስ መጯጯህ ጀመሩ። እኔ ሥራ ፈትቼ ሜዳው አጠገብ፣ የደቻቱ ወንዝ ዳር ላይ፣ ከሴቶቹ መሃል የቆመችውን ኡባህን አያለሁ። ከሻርፗ ሥር ሦስት ጣት አወጣች። በሐሳቤ ጅቡቲ ደርሼ ጫማዬን አወለቅሁ።

ዕረፍት ሆነ። ሜዳው ዳር ካለው ግራር ሥር ውሃ እየጠጣን ፋራህ አንገቱን ነቀነቀ።

«የጉሌድ ዓይን ግን አሳዘነኝ።»

«ከጨዋታው በኋላ ሄደን እንጠይቀው» አለ አለምብርሃን፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ሳቄ ከሆዴ ገንፍሎ ወጣ።

«ምን ዓይን? ጉሌድ እዚህ ቆሞ ሐረር ያለች ፍየል ጥርሷን ይቆጥራል!»

መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ቀና ስል ከእኔ በቀር የሳቀ የለም። ፋራህ የጎረሰውን ውሃ ሳይውጥ ያየኛል።

«ታዲያ እንዴት አገባን?» አለ አለምብርሃን ቀስ ብሎ።

«ስለቻላችሁ ነዋ!»

በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ እውነተኛው ቃል ይሄ ነበር። የሚቀበለኝ ግን አጣሁ።

ከዕረፍት መልስ አለምብርሃን ብቻውን ጉሌድ ፊት ደረሰ። መምታት ሲገባው የጉሌድን ግራ ዓይን አየ። ቆሞ አየው! ጉሌድ ኳሱን ከእግሩ ሥር አነሳበት። ከዚያ ወዲያ ኳሱ ለኛ ልጆች ፍም ሆነ፤ አንተ ያዝ፣ አንተ ያዝ ይባባላሉ። ፋብሪካዎቹ አንድ አገቡ። በአንዷ ጎል የአሥራ አንዱም አንገት ቀና አለ። ሁለት አሉ።

«አይዟችሁ! አሁንም እየመራን ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? አፌን ያውቁታል።

በረኛ ምን ያደርጋል? ወጥቶ የሌላ ሰው ልብ ውስጥ አይገባ። ጎሉ ከመምጣቱ በፊት በጓደኞቼ ትከሻ ላይ አየው ነበር። ሦስተኛው ገባ። አራተኛው በጣቶቼ መሃል አለፈ፤ ጨዋታውም በዚያው አለቀ። ፀሐይ ዓይኔን ወጋችኝ ልል አሰብኩ፤ ፀሐይዋ ከኋላዬ ነበረች። ኡባህ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች።

ማክሰኞ ጠዋት የሷን ፉርጎ መንኮራኩር ግራሶ የቀባሁት እኔ ነኝ። ፋራህ መዶሻውን ይዞ ሊፈትሽ መጣ።

«ፋራህ፣ የዚህኛው ፍሬን ልክ አይደለም። ዛሬ ባይሄድ ይሻላል።»

ጎንበስ ብሎ ብረቱን መታ፤ አዳመጠ። ፍሬኑን ስቦ ለቀቀ። ቀና ሲል ይሰድበኛል ብዬ ነበር።

«ተው ወንድሜ» ብቻ አለኝ። ባቡሩ ይሂድ ብሎ እጁን ለጣቢያው ሹም አነሳ።

ኡባህ በመስኮት ብቅ አለች። አባቷ ከውስጥ ሻንጣ ይደረድራሉ።

«ወርሳሜ» አለች በሹክሹክታ፤ «የጉሌድን ዓይን ነገር ሰማሁ። እሁድ ዕለት ዋሽተህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። የግራሶውን ጣሳ እንደያዝኩ ከመስኮቷ ሥር ሄድኩ፣ ሄድኩ፤ ከዚያ መሮጥ ሆነ፤ ከዚያ የጣቢያው መድረክ አለቀ።

ያ ፉርጎ ሲጢጥ እንኳ አላለም። አሳምሬ ቀብቼው ነበር።