ለእኔ ያድርገው

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ቡዳ በላው፣ ዛር ሰፈረበት ሲባል "እስቲ መጀመሪያ ሙቀቱን እንለካው" የምል፣ በዚህም ከአክስቶቼ ጋር ስንት ጊዜ የተኳረፍኩ ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት እስቴ ነው፣ የምሠራው ደግሞ ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፣ ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ፣ እኔም በሰው ስስቅ ነው የኖርኩት።

ክረምት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ መሰማማት ያቃተን ቀን። የሻረግ የምትባል ገና ያላገባች ልጅ በቃሬዛ ይዘው መጡ። አፏ አረፋ ይደፍቃል፣ ላቧ ልብሷን አርሶታል፣ ደረቷ ውስጥ እሳት ላይ እንደተጣደ ድስት የሚንተከተክ ድምፅ አለ። ዓይኗን ገለጥ አድርጌ ሳይ ብሌኗ ጠቦ ጠቦ ጤፍ አክሏል።

"ምን ጠጣች?" ብዬ ጮህኩ።

እናቷ እማማ ጥሩ "ኧረ ምንም አልጠጣችም ሲስተር! ቅማል ቢያስቸግራት በእህሉ መድኃኒት ራሷን ታጠበች እንጂ" አሉኝ።

የእህሉ መድኃኒት የሚሉት ማላታይን ነው፣ ነቀዝ እንዳይበላው ብለው እህላቸው ላይ የሚያደርጉት። እሱን ራሷ ላይ አፍስሳ፣ በሻሽ ጠቅልላው ውላለች። በአገራችን ስንቱ እንደሚያደርገው ብነግራችሁ ትደነግጣላችሁ፣ "አልጠጣሁት" ይላሉ፣ ቆዳም እንደሚጠጣ ማን ነግሯቸው።

ልብሷን አወለቅን፣ ፀጉሯን ላጨን፣ በሳሙና ደጋግመን አጠብናት። የልጅ ራስ ሲላጭ ቆሞ ማየት ለእናት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ሰው ሲሞት ነው። እማማ ጥሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው "ለእኔ ያድርገው፣ ለእኔ ያድርገው" ይላሉ። ሁላችንም ለታመመ ሰው የምንለው ነገር ስለሆነ ጆሮም አልሰጠሁት።

አሁን ሥራውን ትንሽ ላስረዳችሁ፣ ያለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ይህ መርዝ ምራቁን፣ ላቡን፣ እንባውን፣ ሁሉንም ነው የሚለቅቀው፣ ሰው በገዛ ሳንባው ውሃ ይሰጥማል። ጉበት ሰባብሮት፣ ኩላሊት በሽንት እስኪያወጣው ጊዜ ይፈልጋል፣ እስከዚያ ነፍስ የሚያቆየው አትሮፒን የሚባል መርፌ ነው፣ እሱ ደግሞ ያደርቃል። ደም ውስጥ ስንት መርዝ እንደቀረ የሚለካ ማሽን እኛ ጋ የለም፣ የምንለካው በበሽተኛው ገላ ነው። ብብቱ ደረቀ ወይ፣ ደረቱ ጸዳ ወይ፣ ልቡ ፈጠነ ወይ፣ ብሌኑ ሰፋ ወይ እያልን፣ እስኪሆን ድረስ መርፌውን እንደጋግማለን።

ደጋገምኩ። ብብቷ ውስጥ እጄን ባስገባሁ ቁጥር ርጥብ ነው። ጨመርኩ፣ ደረቷ ይንተከተካል። አብሮኝ የነበረው ጤና መኮንን፣ ጌትነት፣ "መርፌው ከደም ሥሯ ወጥቶ ይሆናል" ብሎ በሌላው ክንዷ ተከለ፣ ያም በደንብ ይገባል። ከመድኃኒቱ የቀረን ጥቂት ነው፣ አምቡላንሱን ደግሞ ጎርፍ መንገድ ላይ አስቀርቶታል። መድኃኒቱ ሲገባ በዓይኔ እያየሁት የት እንደሚሄድ ጠፋኝ፣ ልጅቷ እጄ ላይ ልታልፍ ነው።

ያኔ ነው ከአልጋው ማዶ ቷ፣ ቷ የሚል ድምፅ የሰማሁት፣ የደረቀ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚያሰማው ዓይነት። ቀና ብል እማማ ጥሩ ናቸው።

"ውሃ ታጪ ይሆን ልጄ? አፌ ደርቆ ኩበት ሆነ። አንቺንም አጥርቼ አላይሽ አልኩ።"

ፊታቸው ቀልቷል። የልባቸውን ምት ያዝኩ፣ ይጋልባል። የስልኬን መብራት ዓይናቸው ላይ አበራሁ፣ ብሌናቸው ሰፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኗል፣ መብራቱን ከምንም አልቆጠረውም። ከልጅቷ ገላ ስጠብቀው የነበረው ሁሉ እሳቸው ላይ ነው።

ጌትነት "መድኃኒቱ እጃቸውን ነክቶት ዓይናቸውን አሽተውበት ይሆናል" አለ። ዓይኑስ እሺ፣ አፉስ? ልቡስ? የልጃቸው መርዝ ተነካክቷቸው ነው እንዳልል፣ መርዙ ብሌን ያጠባል እንጂ አያሰፋም። አንዲት ጠብታ ያልወጋኋቸው ሴትዮ የልጃቸው መድኃኒት ገላቸው ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብለዋል፣ ከንፈራቸው ግን አሁንም "ለእኔ ያድርገው" ይላል።

ጌትነት ስልክ ሊሞክር ወደ ደጅ ሲወጣ፣ እሱ ፊት አፍሬ ነው እንግዲህ፣ ጎንበስ አልኩና "እማማ፣ ይህን ቃል ይተዉት። መድኃኒቱ ለእሷ ይሁን ይበሉ" አልኳቸው።

አፈጠጡብኝ። "ለእሷ ይሁን ልበል? በተኛችበት ልርገማት? ምነው፣ እናት የለሽም አንቺ?"

"መድኃኒቱን ነው ያልኩት። እሷ ዘንድ አልደረሰም፣ እርስዎ ጋ ነው የመጣው።"

ይህን ስል ራሴን ሰማሁት፣ አክስቶቼ ቢሰሙኝ ምን ይሉ ነበር። እማማ ጥሩ የልጃቸውን የተላጨ ራስ በመዳፋቸው ከደኑና እያለቀሱ "መድኃኒቱ ለእሷ ይሁን፤ መርዙን ግን ለ..." ብለው ሲጀምሩ አፋቸውን ያዝኩት። እናቴ የሚሆኑ ትልቅ ሴት፣ በእጄ አፈንኳቸው፣ ከንፈራቸው መዳፌ ሥር ይንቀሳቀስ ነበር። በሌላው እጄ ቀድቼ ያስቀመጥኩትን መርፌ ገፋሁት።

የደረቷ ድምፅ ቆመ። ቀስ በቀስ አይደለም፣ ድስቱን ከእሳት እንዳወረዱት ነው የቆመው። ብብቷ ደረቀ፣ ብሌኗ ሰፋ። ውሃውን ይዤላቸው ስመጣ እማማ ጥሩ "ተይው ልጄ፣ አፌ ራሰልኝ" አሉኝ።

የሻረግ መንገዱ ሲከፈት ሆስፒታል ሄዳ ድና ተመለሰች፣ አሁን ፀጉሯ ለሹሩባ ደርሷል። ጌትነት "ዘግይቶ ሠርቶ ነው" ይላል፣ ይበል። እናቲቱ ላይ ስለሠራው ስጠይቀው ግን ወሬ ይቀይራል። እኔ ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።

ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝ ልንገራችሁ። ትንሿ ልጄ ገላዋ ሁሉ ሽፍታ ሆኖ ስታክክ ሽሮፕ ሰጠኋት፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ዓይነት ነው፣ ሁልጊዜ እንደጠጣችው ድብን ብላ ትተኛለች። ወዲያው እናቴ ከእስቴ ደወለች፣ ነገርኳት። "እኔን! ለእኔ ያድርገው!" አለችና፣ አፌን ከፍቼ ሳልከለክላት ኔትወርኩ ተቋረጠ። ልጄ አልተኛችም፣ ዓይኗ ፍጥጥ እንዳለ እያከከች ቤቱን ስትዞረው ዋለች። ለእናቴ ብደውል ብደውል ይጠራል፣ አይነሳም። አሁን በመጨረሻ እህቴ አነሳችው።

"እማዬማ ተኝታለች" አለችኝ። "ካንቺ ጋር እንዳወራች ነው እንቅልፍ የጣላት። ብቀሰቅሳት ብቀሰቅሳት አልነቃ አለችኝ።"

ቃሏን የምትመልሰው ራሷ ናት፣ እሷ ደግሞ አትነቃም። ልጄ ቀሚሴን እየጎተተች "እማ፣ በላኝ፣ መድኃኒቱን ጨምሪልኝ" ትለኛለች፣ እኔ ጠርሙሱን ይዤ ቆሜያለሁ።