የሌክ ሃርሞን ወንድማማቾች

ናዲራ የአባቷን አሮጌ ፎቶግራፍ ይዛ ከምትኖርበት ከሮዝቪል እስከ ሌክ ሃርሞን መኪና የነዳችው በፈረንጅ 2007፣ በግንቦት ወር ነበር። የትንሿ ከተማ የታሪክ ማኅበር በመናፈሻው ውስጥ የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆም ነው። ከኖርዌይና ከስዊድን መጥተው ጫካውን ከመነጠሩት ገበሬዎች ጀምሮ፣ በ1983 የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ከሱዳን እስካስመጣቸው ስደተኞች ድረስ ስማቸው ይቀረጽበታል።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ወጣት ቀድሟት ደርሷል። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ፎቶግራፍ እሷ ከያዘችው ጋር አንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች በረዶ ውስጥ ቆመው፣ አንድ ካፖርት ለሁለት ደርበው ይስቃሉ።

«በግራ በኩል ያለው አባቴ ነው» አለች።

«በቀኝ ያለው ደግሞ የኔ። ኣብኤል እባላለሁ።» ትንሽ አያትና፣ «ብስክሌት ነበረሽ። ከሱ ላይ ወድቄ ጥርሴን ሰብሬያለሁ» አላት።

«ብስክሌቴንም ሰብረሃል።»

ያኔ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በዚያው ዓመት ኤርትራ ነፃነቷን በድምፅ ስትወስን አባቶቻቸው ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር በሰው ፊት ክፉ ተነጋገሩ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት አልተያዩም።

የማኅበሩ ጸሐፊ ሚስስ ሶርንሰን ከሣጥን ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑን ደብዳቤ አውጥተው አሳዩአቸው። «ወንድማማቾቹ ባህሩዲንና ፍሰሃጽዮን» ይላል። አሮጊቷ የአጎት ልጆች በሳቸው ምክንያት በመገናኘታቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሁለቱ ወጣቶች እየተያዩ ሳቃቸውን ዋጡ። አባቶቻቸው የሥጋ ወንድማማቾች እንዳልሆኑ ያውቃሉ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካምፕ ውስጥ የአባቷ የባህሩዲን የመውጫ ጉዳይ ሲያልቅ፣ ድንኳን የሚጋራው ፍሰሃጽዮን በወባ ወድቆ ነበር። ባህሩዲን ጥሎት መሄድ አልሆነለትም፤ «ታናሽ ወንድሜ ነው» ብሎ አስመዘገበው። መኮንኑ አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን እንዴት ሆኑ ብሎ ሲጠይቅ ባህሩዲን «የወሎ ሰዎች ነን» አለ። ፍሰሃጽዮን ኤርትራዊ ቢሆንም ደሴ ያደገ ነውና አነጋገሩ አላሳበቀበትም።

በዚያ በጋ ሚስስ ሶርንሰን የአባቶቻቸውን ታሪክ በየቅዳሜው ለከተማዋ ሰዎች እንዲናገሩ ለመኗቸው። ኣብኤል ከሚኖርበት ከኒው ሆፕ እየመጣ ይወስዳታል። እሱ ይናገራል፤ እሷ ዓመተ ምሕረት ታርማለች። ሲመለሱ ሃያ ማይል ያህል ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ግን አይከብዳቸውም። አንድ ቅዳሜ የበቆሎው ማሳ እስኪያልቅ እጇን ይዞ ነዳ። አልጠየቃትም፤ እሷም አልወሰደችበትም።

በሐምሌ የጋብቻ ፈቃድ ፎርም ይዞ መጣ። ናዲራ እንደ ልማዷ መስመር በመስመር አነበበችው። ተጋቢዎቹ የሥጋ ዝምድና አላቸው ወይ የሚል ጥያቄ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አላቸው ካሉ በዚህ ስቴት የአጎት ልጆች አይጋቡም። የላቸውም ብለው ከፈረሙ ደግሞ አባቶቻቸው ለኢሚግሬሽን የማሉት ውሸት መሆኑ ይወጣል።

ለአባቷ ነገረችው። ክርስቲያን ነው ብሎ ይቆጣል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልተቆጣም።

«ወንድምሽን ፈዋዝን አገር ቤት ትቼው ስወጣ ሦስት ዓመቱ ነበር» አላት። «ትኩሳት ይዞት፣ ያንን በረሃ አይችለውም ብዬ። ወደዚህ ለመምጣት ኅዳር ላይ ኢንተርቪው አለው፤ ፋይሌን ገልጠው ነው የሚጠይቁት። እኔ ምን ልበልሽ፣ ልጄ?»

ኣብኤል ሌላ ስቴት ሄደን እንጋባ አላት። የትም ቢሄዱ ስማቸውን ይዘው እንደሚሄዱ ነገረችው። ዘመድ ናቸው ከተባለ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት የሱ ወላጆች አንገታቸውን ይደፋሉ፤ አይደሉም ከተባለ ወንድሟ ይቀራል፣ አባቶቻቸውም ዜግነታቸውን ሊነጠቁ ይችላሉ።

«ፈዋዝ ከመጣ በኋላስ?» አላት።

«እሱም የሚኖረው በዚያው ፋይል ነው።»

በነሐሴ የድንጋዩ ጽሑፍ በፖስታ መጣላት። ሚስስ ሶርንሰን ስሕተት ካለ በእርሳስ አርሚና ፈርመሽ መልሽልኝ ብለዋታል። «ወንድማማቾች» የምትለዋ ቃል መካከል ላይ ነበረች። «ጓደኛሞች» ብላ ብትተካት ማን ይጠይቃታል? እርሳሷን እንደያዘች ለኣብኤል ደወለች፤ ጽሑፉን አነበበችለት።

ያቺን ቃል አስደገማት።

«አጥፊው ብልሽ ታጠፊዋለሽ?»

«አጠፋዋለሁ» አለች። እውነቷን ነበር።

ዝም አለ። መኪናው ውስጥ እንደነበረው ዝምታ አልነበረም።

«ተይው» አለ በመጨረሻ። «አባቴ እኮ ዛሬ በሕይወት ያለው በዚያች ቃል ነው።»

ፈረመች።

ድንጋዩ በተመረቀበት ቀን አባቶቻቸው በየመኪናቸው መጡ። መጋረጃው ሲነሣ ባህሩዲን ፊደሎቹን በጣቱ ዳሰሰ።

«ስሜን ከስምህ በታች አስጻፍከው?» አለ ፍሰሃጽዮን ከኋላው።

«ታላቅህ ነኛ። ለመኮንኑ እንደዚያ አይደል ያልነው?»

ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ የከተማዋ ሰዎች አጨበጨቡ። ሚስስ ሶርንሰን ካሜራቸውን ይዘው ለልጆቹ፣ ዘመዳሞች አይደላችሁ፣ ጠጋ በሉ እንጂ አሏቸው። ኣብኤል እጁን ናዲራ ትከሻ ላይ አሳረፈ፤ ክብደት አልነበረውም። ፎቶው እንደተነሣ አነሣው።

ፈዋዝ በጥር ደረሰ። አውሮፕላን ጣቢያ ሁለቱም አባቶች ጠበቁት፤ ፍሰሃጽዮን ካፖርት ገዝቶለት ነበር። ናዲራ ስታለብሰው ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው ወንድሟ እንደ ሕፃን እጁን ዘረጋላት። የካፖርቱን ቁልፎች ስትቆልፍ መካከል ላይ አንገቷን ደፍታ ትንሽ ቆየች።

ማታ ራት ላይ ፈዋዝ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ቆጠረ።

«የአጎታችን ልጅስ? ኣብኤል የሚባለው?»

ሥራ አግኝቶ ሲያትል እንደሄደ ነገረችው።

«ታዲያ ደውዪልኝ። ሰላም ልበለው፤ ሥጋዬ አይደል?»

ባህሩዲን ቀና ብሎ ሴት ልጁን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ናዲራ ቁጥሩን በቃሏ መታችው። አንዴ ጠራ።

«ናዲራ?» አለ ኣብኤል። አሁንም የሚጠብቃት ሰው ድምፅ ነበር።

ስልኩን ለወንድሟ ሰጠችው።