የቀዘቀዘው ጋቢና

አቶ ሽፈራው የሞቱት መሪውን እንደያዙ ነው። ሐኪም ጋራ ሥር ባለው ግቢያቸው ውስጥ፣ በወጣትነታቸው በገዟት ነጭ ፔጆ ፒካፕ ጋቢና፣ መስኮቱ እስከ ላይ ተዘግቶ፣ የክት ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንደ ሬሳ አልገረጣም፤ ይልቅ ቀልቶ፣ ገና ከፀሐይ የገባ ሰው ይመስሉ ነበር።

ኢንስፔክተር ፍሬሕይወት ያንን ቅላት ስታይ ቆም አለች። ከደብረ ብርሃን ተመድባ ሐረር ከመጣች ወዲህ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን ያየችው አንድ ጊዜ፣ ከሰል አንድደው በር ዘግተው በተኙ ባልና ሚስት ላይ ነው።

«የጭስ መርዝ ነው» አለች ለራሷ።

ከሹፌሩ አጠገብ ባለው መቀመጫ ላይ ትራስና ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ሰው ሊጫን ነበር ማለት ነው። ባረጀው ዳሽቦርድ ላይ ደግሞ አዲስ ጥቁር የአየር ማውጫ ተገጥሟል፤ በሽማግሌ አፍ ውስጥ እንደገባ የወርቅ ጥርስ ያብለጨልጫል።

ቀድማ የደረሰችው ጎረቤታቸው ሰሚራ ነበረች። እጇ ላይ የሳሙና አረፋው ገና አልደረቀም።

«የሚስታቸው ወንድም ኤርሚያስ ሲጮህ ሮጬ መጣሁ» አለች። «በሩን ከፍቶ ጋሽ ሽፈራውን ይነቀንቃቸው ነበር። ኢንና ሊላሂ! ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱ በድንጋጤ ራሱን አያውቅም ነበር።»

«ከጩኸቱ በፊት የሰማሽው ነገር አለ?»

«ሞተሩ ነዋ! ልብስ እያጠብኩ ነበር። አፉን እንዳፈኑት ሰው እም… እም… ሲል ቆየ። ኋላ ድምፁ ተከፈተ። እፎይ፣ ደህና ሆነላቸው ስል ጩኸቱ መጣ።»

ፍሬሕይወት ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት።

የፔጆዋ ታሪክ በሰፈሩ የታወቀ ነው። የአቶ ሽፈራው ባለቤት ወይዘሮ የሺ ግማሽ አካላቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሕመም በማሸትና በማንቀሳቀስ የሚያክም ሰው አለ ሲባል አቶ ሽፈራው ልባቸው ተነሳ። ወይዘሮ የሺ ግን «የድሬ ሙቀት ይገድለኛል» አሉ። እንግዲያው ሙቀቱን አጠፋላታለሁ ብለው አቶ ሽፈራው ለአሮጌዋ መኪና የዘመናዊ መኪና ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር ሊያስገጥሙላት ተነሱ። ሥራው የተጠናቀቀው ትናንት ሲሆን፣ ጉዞው ደግሞ ለዛሬ ጠዋት ተቆርጦ ነበር።

ኮምፕሬሰሩን የገጠሙት ሁለት ሰዎች ሸዋ በር ካለው ጋራዥ ተጠርተው መጡ። አንደኛው ጋራዡ የእሳቸው የሆነ ሽማግሌው ሙሜ፣ ሁለተኛው የመኪና ማቀዝቀዣ የሚሠራው የድሬዳዋ ልጅ ዘከሪያ ናቸው። ኮፈኑ ሲከፈት አዲሱ ኮምፕሬሰር ከአሮጌው ሞተር ጎን ተወሽቆ ታየ። የሚያሽከረክረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ገና አልቆሸሸም።

«ለዚች ሞተር ይከብዳታል ብዬ ነበር» አሉ ሙሜ አንገታቸውን ደፍተው። «ጉልበቷ ለራሷም አልበቃ። ወላሂ፣ እንዲተዉት ለምኛቸዋለሁ። መኪናዋ ሳትቀዘቅዝ የሺ አትሄድም አሉኝ፤ ምን ልበል?»

«ይሄ ቱቦ ከቦታው ተነስቷል» አለች ፍሬሕይወት ከሞተሩ የሚነሳውን የጭስ ማውጫ ቱቦ እያሳየች።

«ለኮምፕሬሰሩ ቦታ አጣንለት። ትንሽ ገፋ አደረግነው።»

«መጋጠሚያውስ?»

ዘከሪያ ሙሜን ቀደማቸው።

«መሃሉን የሚያጠብቀው ጓርኒሲዮን አሮጌ ነው። አንድ ቡሎንም ይጎድላል። እኔ ተናግሬ ነበር!»

«አንተስ?» ሙሜ ዞሩበት። «የማቀዝቀዣው ጋዝ የሚያልፍበትን ቱቦ ለማስገባት ላሜራውን የበሳኸው አንተ አይደለህም? ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ! በስፖንጅ ጠቅጥቀህ ሄድክ!»

ፍሬሕይወት ጎንበስ ብላ አየች። ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ላይ የተበሳው ቀዳዳ በእርግጥ ሰፊ ነው፤ ስፖንጁም ወድቋል። ከላላው መጋጠሚያ ተነስቶ እስከ ቀዳዳው ድረስ ትኩስ ጥላሸት ላሜራውን ለብሶታል። ጭሱ በየት እንደገባ ለማወቅ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

«ትናንት ሞክራችኋታል?»

«እንዴታ!» አለ ዘከሪያ። «ሦስታችንም ጋቢናው ውስጥ ታጭቀን፣ መስኮት ዘግተን ብዙ ቆየን። ጋሽ ሽፈራው በረደኝ ብለው ሳቁ። ራሳችንን እንኳ አላመመንም፣ ያ ረቢ!»

«እውነቱን ነው» አሉ ሙሜ።

እርስ በርስ ሲወነጃጀሉ የነበሩ ሰዎች በዚህ አንድ ነገር ተስማሙ። ፍሬሕይወት አጥብቃ የያዘችው ይህንን ነው። ትናንት ሦስት ሰው ያልጎዳው ጭስ ዛሬ አንድ ሰው ገደለ። በመካከሉ የተለወጠ ነገር መኖር አለበት።

ወደ መኪናዋ ኋላ ዞራ ተንበረከከች። የጭስ ማውጫው አፍ ከውስጥ በኩል ዙሪያውን ተፍቋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥላሸት ግን እንደነበረ ነው። ጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ ክር ተንጠልጥሏል።

በቤቱ ውስጥ ኤርሚያስ ከእህቱ አልጋ አጠገብ ቆሟል። ወይዘሮ የሺ ከታመሙ ጀምሮ ሥራውን ትቶ የሚያጥባቸው፣ የሚያጎርሳቸው፣ የሚያገላብጣቸው ይህ ታናሽ ወንድማቸው ነው።

«ጠዋት ምን ስትሠራ ነበር?»

«እትዬን አጥቤ ለመንገድ አለበስኳት። ጋሽ ሽፈራው ጋቢናው ቀድሞ ይቀዝቅዝላት ብለው ሞተሩን አስነስተው ተቀምጠው ነበር። ሲዘገዩ ወጣሁ። በሩን ከፈትኩ… ሌላ ምንም አልነካሁም።»

ፍሬሕይወት ዓይኗን ወደ አልጋው መለሰች። ወይዘሮ የሺ ንጹሕ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል። በድን የሆነው ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል። መዳፉ ላይ የጥላሸት ጣቶች ታትመዋል።

ተሳስቼ በሆነ ብላ ተመኘች፤ ግን አልጋው ሥር የነበረውን የቆሸሸ ጨርቅ የሚጠራቀምበትን ባልዲ ራሷ ጎትታ አወጣች።

ወይዘሮ የሺ ከአልጋቸው ስለማይነሱ ሁሉም እሳቸው ክፍል ተሰበሰቡ። ሙሜና ዘከሪያ በሩ አጠገብ፣ ሰሚራ እግርጌ፣ ኤርሚያስ ራስጌ ቆሙ።

«አቶ ሽፈራውን የገደላቸው ከላላው መጋጠሚያ ወጥቶ በቀዳዳው የገባው ጭስ ነው» ብላ ጀመረች ፍሬሕይወት። «ግን መጋጠሚያውም ቀዳዳውም ትናንት ነበሩ፤ ትናንት ደግሞ ማንም አልተጎዳም። ያኔ አብዛኛው ጭስ በኋላ በኩል ይወጣ ነበር። ዛሬ የኋላው ተዘጋና ሁሉም በፊት በኩል መጣ። ማውጫው በጨርቅ ተደፍኖ እንደነበር የተፋቀው ጥላሸትና የቀረው ክር ይናገራሉ።»

«ማን ደፈነው?» አሉ ሙሜ።

«ማን እንደደፈነ ከማወቄ በፊት ማን እንዳወጣው ነው ያወቅሁት። ሰሚራ የታፈነው ድምፅ ሲከፈት ሰምታለች። ጩኸቱን የሰማችው ከዚያ በኋላ ነው። ጨርቁ የወጣው ሰው ከመጠራቱ በፊት ነው ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ በእግሩ የሚቆም ሰው አንድ ብቻ ነበር።»

ፍሬሕይወት ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

«ወይዘሮ የሺ ጠዋት ታጥበዋል። ቀኝ እጃቸው ከቦታው አይንቀሳቀስም። ጥላሸቱን እዚያ ያተመው ጨርቁን አውጥቶ፣ ሳይታጠብ መጥቶ የያዛቸው ሰው ነው።» ከባልዲው የተቀደደ የአንሶላ ቁራጭ አንስታ ዘረጋችው። መካከሉ ላይ ክብ ጥቁር ማህተም ነበረበት። «ኤርሚያስ፣ አንተ ነህ።»

ኤርሚያስ ፊቱን ከጨርቁ ላይ አዞረ።

«ሞተሩ አይነሳም ብዬ ነው» አለ። «ወታደር ቤት ሳለሁ አይቻለሁ፣ ጭሱ ሲታፈን ሞተር ወዲያው ይጠፋል። ጉዞው ለዛሬ ቢቀር፣ ነገ ደግሞ ሌላ ዘዴ… ሞተሩ ሲነሳና ሲቀጥል ጨርቁ ወድቋል ብዬ አሰብኩ። እትዬን ማልበሴን ቀጠልኩ። እሳቸው እዚያ እየሞቱ እኔ የቀሚሷን ቁልፍ እቆልፍ ነበር። ስወጣ ሞተው አገኘኋቸው፤ ጨርቁን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት፣ ከዚያ ነው የጮህኩት።»

«መጋጠሚያው ባይላላ ኖሮ እንዳሰብከው ይጠፋ ነበር» አለች ፍሬሕይወት ቀስ ብላ። «ጭሱ በዚያ ማምለጫ አገኘ፤ ሞተሩም መሥራቱን ቀጠለ።»

ዘከሪያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሙሜ «አስተግፊሩላህ» እያሉ ግድግዳውን ተደገፉ።

«ለምን እንዳትሄድ ፈለግክ?»

መልሱ ከአልጋው መጣ፤ ተጎትቶ፣ ግማሹ በከንፈር ቀርቶ።

«እኔ ነኝ… አስቀርልኝ ያልኩት።»

«እትዬ፣ ተይ!»

«ሐኪሙ… አትድኚም ብሎኛል። ሽፌ አልሰማም አለ። ሙቀቱ ይገድለኛል ስለው… ማቀዝቀዣ አመጣ። አልፈልግም ብዬ… ልቡን መስበር አቃተኝ። እዚሁ ቤቴ ልሙት… ነበር ያልኩት።» ከአንድ ዓይናቸው ብቻ እንባ ወረደ። «እኔን እሰሪኝ።»

ፍሬሕይወት ሕጉን ታውቀዋለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ ማስረጃ መደበቅ። ለሦስቱም ወንዶች የሚሆን አንቀጽ አላት። ለወይዘሮ የሺ የሚሆን ግን አጣች። ኤርሚያስ ሲሄድ ማን ያስታምማቸው? ሰሚራን አየቻት፤ ሰሚራ የራሷ ልጆችና የታመመች እናት አሉባት፤ አንገቷን ደፋች።

«ኤርሚያስ፣ እንሂድ።»

«አንዴ ላገላብጣት። ሰዓቷ አልፏል፤ ጀርባዋ ይቆስላል።»

ፍቀጅ አትፍቀጅ የሚላት አለቃ እዚያ አልነበረም። ካቴናውን ይዛ ቆመች። ኤርሚያስ አንድ እጁን ከትከሻቸው፣ አንዱን ከወገባቸው ሥር አስገብቶ፣ ሳይጎትት፣ ሳይቸኩል አዞራቸው። በጉልበታቸው መካከል ትራስ አደረገ። ቀሚሳቸውን አስተካከለ። ተራው የግራ ጎናቸው ነበርና ፊታቸው ወደ ግድግዳው ሆነ።

ግንባራቸውን ሳም አድርጎ እጆቹን ለፖሊሷ ዘረጋ። ሙሜና ዘከሪያም ተከትለው ወጡ።

ፍሬሕይወት የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ የተጎተተው ድምፅ ከኋላዋ ጠራት።

«ሄደ?»

ግቢው ውስጥ የፖሊስ መኪናው በር ተዘጋ። ፍሬሕይወት ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ቀጣዩ የመገላበጫ ሰዓታቸው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።