አፋልጉኝ ባዩ እንዳላማው

ጠጋ በሉ እስቲ። እሳቱ በእናንተ ስንፍና ሊጠፋ ነው፤ አንዱ እንጨት ይጨምርበት። እዚያ ዳር የተቀመጣችሁት ደግሞ ወደ መሀል ግቡ። ዳር የተቀመጠ ሰው ከኋላው ማን እንዳለ አያውቅም። ሳቃችሁንም ዋጡ። የምነግራችሁ የሞተ ሰው ነገር ነው።

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ። መንደሩን አልጠራላችሁም። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም አሉ፣ ይቀየሙኛል። ሰዓቱ ቀትር ነው። ምነው ደነገጣችሁ? ሌሊት ጠብቃችሁ ነበር? መንፈስ ሌሊት ብቻ የሚወጣ የሚመስለው ሞኝ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ወፉ ሁሉ ጭጭ ሲል፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ሲገባ፣ ያኔ ብቻውን የሚሄድ ሰው ወዮለት! እናቶቻችን «በቀትር ወንዝ አትውረዱ» የሚሉን ለምን ይመስላችኋል? ውኃው እንዳያልቅባቸው ነው?

መንገዱ ከገበያ ወደ መንደሩ የሚወስደው ነው። በግራ ዳገት፣ በቀኝ ገደል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን ነው? እንዳላማው ነው። ድምፁ ዘግቷል። ለምን ዘጋ? ሲጮህ አርፍዶ ነዋ!

እንዳላማው ወንድም ጠፍቶበታል። ታናሽ ወንድሙ ሙጨ ከቤት ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አልተመለሰም። እንዳላማው ታዲያ ሥራውን ትቶ አፋልጉኝ ባይ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው መግቢያ ካለው ድንጋይ ላይ ይወጣል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ይቆማል። «ያያችሁ፣ የሰማችሁ፣ ስለ እግዜር አፋልጉኝ! ወንድሜ ሙጨ፣ የት ነህ? ድምፅህን አሰማኝ!» ይላል። ደረቱን ይደቃል። ነጠላውን ያዘቀዝቃል። አቤት ሲያውቅበት! ሴቱ ይንሰቀሰቃል፣ ወንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሁለት ወንዝ ተሻግረው እሱን ለመስማት የሚመጡ ነበሩ፤ ሸቀጥ እንኳ አይገዙም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አህያ የጠፋበት ሰው ገበያ ላይ ምን ብሎ ይጮሃል? «ቡላ ናት፣ ግራ ጆሮዋ ቁርጥ ነው፣ ጀርባዋ ተገጥቧል፣ በወንዙ በኩል ሄዳለች» ይላል። አይደለም? እንዳላማው ግን ስለ ወንድሙ መልክ አንድ ቀን አልተናገረም። ምን ለብሶ እንደወጣ አልተናገረም። በየት በኩል እንደሄደ አልተናገረም። የተናገረው ስለ ማን ነው? ስለ ራሱ! «እህል አልቀምስ አልኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ እኔን አያድርጋችሁ!» ወገቡ ግን እንደ ግንድ ነው፤ እህሉም በደንብ ይወርድለት ነበር። ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ቶሎ ቶሎ ይጠርጋል፤ ጉንጩን ጠርጎ ግን አያውቅም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባል አልሰማችሁም? ገበያተኞቹም ሰምተዋል። ግን ማን ልብ ይበል? ጩኸቱ አምሮ!

አንጓች ደግሞ አለች፤ የሙጨ ሚስት። አንጓች አታለቅስም። በገበያው መሀል ከሰው ሰው እየዞረች፣ በዝግታ፣ «ጠይም ነው፤ የግራ እጁ አውራ ጣት የለውም፤ ሐሙስ ጧት ቆሎ በአገልግል ይዞ ነው የወጣው። አይታችኋል?» ትላለች። ያንኑ ደግማ ለሌላው። ያንኑ ደግማ ለሌላው። አገሩ ታዲያ ምን አለ? «ዓይነ ደረቅ! ባሏ ጠፍቶ እንባ የላት! ያን ምስኪን ወንድሙን አታዪም?» አለ። እንዳላማው ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል። «ተዉአት፣ እኔ ምንም አልልም። ያን ሰሞን ተጣልተው ነበር መሰለኝ... ግን ተዉት፣ እኔ ምንም አልልም» ይላል። ምንም ሳይል ስንቱን አለው!

እናንተ ግን ከእኔ ጋር ናችሁና እውነቱን ስሙት። አባታቸው ከምንጩ በታች ያለውን መሬት ለሁለቱም ነው ያወረሳቸው። ሐሙስ ዕለት ወንድማማቾቹ የገደል ማር ሊቆርጡ፣ ለማንም ሳይናገሩ ሄዱ። የገደል ማር እንዴት ነው የሚቆረጠው? አንዱ በጠፍር ታስሮ ጢስ ይዞ ይወርዳል፤ አንዱ ከላይ ጠፍሩን ይይዛል። ነፍስህ በወንድምህ እጅ ናት ማለት ነው። ሙጨ ወረደ። እንዳላማው ያዘለት። ከዚያ ጠፍሩን በቢላ ቆረጠው። አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ! ወደ ቤቱ ገብቶ አሞኛል ብሎ ተኛ።

አሁን ወደ ቀትሩ እንመለስ። በማግስቱ እሑድ አውጫጭኝ ነው። አገሬው በሙሉ ከዋርካው ሥር ተሰብስቦ፣ ያየውን የሰማውን እየማለ ሲናገር፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ነው። የሁሉም ጣት ወደ አንጓች ነው። ከተፈረደባት ታስራ ወደ አገረ ገዢው ትላካለች፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ የመጣ ሰው አልታየም። ልጅ የላትም። መሬቱ ለማን ሊሆን ነው? ገባችሁ።

እንዳላማው በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ሲሄድ የነገውን ልቅሶ ይለማመድ ጀመር። አዎ፣ ልቅሶ ይለማመዳል! ወደ ገደሉ ዞሮ ደረቱን መታ።

«ወንድሜ ሙጨ!» አለ።

«ሙጨ... ጨ...» አለው የገደል ማሚቶ። ደስ አለው። ገደሉ ራሱ አጋዥ ሆነለት።

«የት ነህ?» አለ ደግሞ፣ ድምፁን ሰበር አድርጎ።

ማሚቶው ዝም አለ። ጠበቀ፣ ጠበቀ። ከዚያ ከታች፣ በጣም ከታች፣

«እዚህ ነኝ» አለው።

እንዳላማው ቆመ። ንፋስ ነው አለ። ንፋስ ግን አልነበረም፤ ቅጠል አይነቃነቅም። መንገዱን ቀጠለ፣ ፈጠን ፈጠን አለ። ወዲያው ሸተተው። ምን ሸተተው? ጢስ። ማር ቆራጭ የሚይዘው ጢስ። ከኋላው ደግሞ አንድ ነገር ድንጋይ ላይ ይጎተታል። ሽር... ሽር... ሲቆም ይቆማል። ሲሄድ ይከተለዋል። ሽር... ሽር... የጠፍር ድምፅ ነው። ዞሮ ሊያይ አንገቱ አልታዘዝ አለው። ወደ መሬት አየ። በቀትር የሰው ጥላ ወዴት ነው ያልኳችሁ? እግሩ ሥር። የእንዳላማው ጥላ እግሩ ሥር ነበር። ከጎኑ ግን ሌላ ጥላ ነበር፤ ረጅም፣ አንገቱ ወደ አንድ በኩል የተጣመመ። ቆሌው ተገፈፈ።

«አቤት ጋሼ» አለው ከኋላው። ድምፁ ትሑት ነው፤ ታናሽ ወንድም አይደል? «ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠራኸኝ። ገበያውን ሁሉ አስለቀስህልኝ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ እግሬ ስለተሰበረ ነው የዘገየሁት።»

«ተመለስ!» አለ እንዳላማው።

ሰማችሁ? አፋልጉኝ ሲል የከረመው ሰው ነው፣ ሲያገኘው ተመለስ የሚለው!

«እሺ፣ እመለሳለሁ» አለው ጥላው። «ነገም ትጠራኝ የለ? ከዋርካው ሥር፣ ሰው ሁሉ ባለበት ጥራኝ። ስሜ ሲጠራ እመጣለሁ። ከጎንህ እቀመጣለሁ፣ አንተን ብቻህን አልተውህም።»

እንዳላማው እግሬ አውጪኝ አለ። ነጠላው እሾህ ላይ ቀረ፤ አልተመለሰለትም።

እሑድ ሆነ። አገሩ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጭቃ ሹሙ በመሀል ተቀመጡ፤ አንጓች ለብቻዋ፣ እንዳላማው ከፊት። ሁሉም አንገቱን አስግጓል። ያ ያማረ ልቅሶ ሊሰማ ነዋ!

«በል እንዳላማው፣ ያንተን እንስማ» አሉት ጭቃ ሹሙ።

እንዳላማው ተነሣ። «እህል አልቀምስ ብያለሁ» አለ። «እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለ። የዚያን ዕለት እንኳ እውነቱን ነበር፤ የሌሊቱን እንቅልፍ አጥቷል። የወንድሙ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጥራው እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እንደ ወትሮህ ጥራው!» አለች አንዲት ባልቴት። «እኔ ከዚያ ማዶ በዚህ ጉልበቴ የመጣሁት ለዚህ ነው?»

«አሞኛል» አለ እንዳላማው። «ድምፄ ዘግቷል። እሷን ጠይቋት! ሚስቱ እያለች እኔን ምን ትሉኛላችሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ አንጓች ዞረ። አንጓች ተነሣች። ነፍሷ በዚያች ሰዓት ላይ ተንጠልጥላለች፤ እሷም ታውቃለች። ግን ስለ ነፍሷ አልተናገረችም።

«ጠይም ነው» አለች። «የግራ እጁ አውራ ጣት የለውም። ሐሙስ ጧት ነው የወጣው። ጋሼ፣ የእኔ ድምፅ ሩቅ አይሰማም። የእርስዎ ገደል ያሻግራል። እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩልኝ፣ ምናልባት ቢሰማ።»

«አልጠራም!»

«እንግዲያስ እኔ ልጥራው።»

«አትጥሪው!» ብሎ ጮኸ እንዳላማው። «አትጥሪው፣ ይመጣል!»

ጭቃ ሹሙ በትራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እንዲመጣ አልነበረም እንዴ ሁለት ሳምንት ስትጮህ የከረምኸው?» አሉት።

እንዳላማው ተንሸራቶ ተቀመጠ።

አንጓችም ጠራችው። እንደ እሱ አልጮኸችም። ማታ እራት ሲደርስ ባሏን ከደጅ እንደምትጠራ ሴት ብቻ፣ «ሙጨ» አለች።

ማንም ምንም አልሰማ። ማንም ምንም አላየ። ቅጠል አልተነቃነቀም። ሁሉም ግን እንዳላማውን ያየው ነበር። እንዳላማው ዓይኑን በሩቅ ያለ አንድ ነገር ላይ ተከለ። ያ ነገር እየቀረበ መጣ መሰለኝ፣ ዓይኑም አብሮ ቀረበ፤ ቀረበ፤ ከራሱ ጎን ደረሰ። ከዚያ፣ ለመጣ እንግዳ እንደምናደርገው፣ ትንሽ ብድግ አለና፣ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀ።

ዋርካው ሥር የነበሩ ሴቶች ያኔ ነው ኡኡ ያሉት።

«ገደሉ ሥር ነው» አለ እንዳላማው፣ ወደ ጎኑ ሳያይ። «ጠፍሩን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። በሉልኝ፣ ቀብራችሁ አስተኙልኝ። እጄን ይዞኛል። አውራ ጣት የለውም።»

ሄደው አወጡት። ጠፍሩ ወገቡ ላይ ነበር፣ ጫፉ በቢላ የተቆረጠ። እንዳላማውን አስረው ወደ አገረ ገዢው ወሰዱት፤ መንገዱን ሁሉ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ጠጋ ብሎ ነው የሄደው አሉ። ሙጨም ፍትሐት ተደርጎለት ተቀበረ። አንጓችም መቃብሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ እንባዋ አልቆም ብሎ ሦስት ሴት ደግፎ ነው ያነሣት። ዓይነ ደረቅ ሲሏት የነበሩትም ደረታቸውን እየደቁ፣ «እኛስ ድሮም ጠርጥረን ነበር» አሉ። ምን ያድርጉ፣ ሰው ናቸው!

በሉ ተነሡ፣ ሂዱ፣ መሽቷል። ተያይዛችሁ ሂዱ፣ ብቻውን የሚሄድ እንዳይኖር። ለነገሩ ልቡ ንጹሕ የሆነ ምን ይፈራል? የበደለውን ሰው ስም በአፉ ይዞ የሚዞር ካለ ግን ዛሬ እዚሁ ከእኔ ዘንድ ይደር። መንገድ ላይ አቤት የሚለው አይጠፋም።