ካሳነሽ ያልሰጠችው ቃል

ካሳነሽ ገበየሁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ዳንግላ ለማስተማር የመጣች ሰሞን፣ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም እንዴ እስኪባል ድረስ ስለ እሷ ብቻ አወራ። የእንጅባራ ባላገር ልጅ፣ ከአባቷ ጋር በአገውኛ፣ ከዳይሬክተሩ ጋር በእንግሊዝኛ የምትከራከር! የሂሳብ መምህሩ አድማሴ ግን አላወራም። እሱማ ዝም ብሎ ያያታል፤ ዞር ስትልበት ጠመኔ ይፈልጋል። ጠመኔው እኮ እጁ ላይ ነው።

ለመግባባት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በገበያ ቀን አብረው ይወጣሉ። እሷ ከገበሬዎቹ ጋር በአገውኛ ስትጫወት፣ ከአማርኛ ሌላ የማያውቀው አድማሴ ፊቷን እያየ ይቆማል።

«አየህ» አለችው አንድ ቀን፣ «ገበሬው በመኸር አራግፎ የሸጠውን ጤፍ ክረምት ላይ በእጥፍ ይገዛዋል። ኢኮኖሚክስ ብማር ይህ ለምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የሕዝብ አስተዳደር ብማር ደግሞ መንግሥት ምን ያድርግ የሚለውን። የቱን ልያዝ?»

ለሁለተኛ ዲግሪ በሁለቱም ትምህርት ተቀብለዋታል። አስተዳደሩ ቤይሩት፣ አንድ ዓመት፤ ኢኮኖሚክሱ ህንድ አገር፣ ሦስት ዓመት። የአድማሴ ሆድ «አጭሩን!» እያለ ይጮኻል።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አላት።

ፍቅሩ ሲጠናበት አማክሯት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ግራዝማች ምህረቴን አስቀድመው እንጅባራ ሄዱና እንደ ወጉ «ካልሰጡን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አባቷ አቶ ገበየሁ፣ በፈረስ ጉግስ ስማቸው የተጠራ ሰው፣ «ሦስት ዓመት ባሏን ጥላ የምትሄድ ሙሽራ አልድርም» አሉ። ግራዝማች እግራቸው ዝሎ ይሁን ልባቸው ቸኩሎ፣ «አጭሩን ነው የምትማረው፤ በዓመቱ ትመለሳለች፤ ቃላችን ነው» አሉና ተቀመጡ። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ልጅቱን የቱን ትማሪያለሽ ብሎ ማን ጠየቃት? ማንም! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

ካሳነሽ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ኢኮኖሚክስን መርጬ ልነግርህ ነበር። አሁን አባቴን በሽማግሌ ፊት አላዋርድም፤ አጭሩን እማራለሁ፣ አገባሃለሁም። ግን አድማሴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ባየሁህ ቁጥር የቀረብኝን አስባለሁ።» ይህን ብላ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አድማሴ ግን በነጋታው በጭነት መኪና ተሳፍሮ እንጅባራ ገባ።

«ግባ እንጂ አማቼ! ተቀመጥ!» አሉት አቶ ገበየሁ።

«አልቀመጥም ጌታዬ። ሽማግሌዎቼ የሰጡዎት ቃል የእነሱም የእኔም አይደለም፤ የካሳነሽ ነው። ቃሉን ይመልሱልኝ።»

«ቃሉ ከተመለሰ ልጅቱንም እንደምታጣት ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ወንድ ማለት እንዲህ ነው!

አቶ ገበየሁ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ልጄን ለማግኘት ደጄ የቆመ ብዙ አይቻለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «ለእሷ ሲል ሊያጣት የቆመ ግን ዛሬ ገና አየሁ። እንዲህ ያለ ሰው ሦስት ዓመትም ይጠብቃል።»

ካሳነሽ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አባቷ ጠሯትና በአገውኛ ጠየቋት፤ በአገውኛ መለሰች። አድማሴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሷን ያያል። አቶ ገበየሁ ከት ብለው ሳቁ።

«ምን አለች?»

«ኢኮኖሚክስ አለች።»

«ደግ አደረገች» አለ አድማሴ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። የምሩን ነበር፤ ልቡ ግን ተሰበረ።

«አባባ፣ የቀረውንም ንገረው እንጂ!»

«እሱን እንኳ ራስሽ ንገሪው» አሉና ፈረሳቸውን ሊያዩ ወጡ።

ካሳነሽ ቀረብ አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሠርጉ ከመሄዴ በፊት ይሁን አልኩ» አለችው። «ሦስት ዓመት ሙሉ የምናፍቀው ባሌን ነው እንጂ እጮኛዬን አይደለም።»